የሠርግ አዳራሹ መራራ ሐረግ

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በአንድ ከሰዓት በኋላና ከዚያ በተከተሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ነው። ቦታው ሪያድ ነው። አሁንም የምኖረው ሪያድ ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቢቀረውም ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። ለእናንተ መንገር የቀለለኝ ስለማታውቁኝ ይመስለኛል።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ኮምቦልቻ ተወልጄ ያደግኩ፣ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ንድፍ ክፍል አምስት ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ። ሥራዬ ጨርቅ ላይ የሚታተም አበባና ቅጠል መንደፍ ነበር። አበባ መሣል ብዙ ሰው ይችላል። ያው አበባ ወደ ጎንም ወደ ላይም መቶ ጊዜ ሲደጋገም መጋጠሚያው እንዳይታወቅ አድርጎ መሣል ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በክፍላችን አንድ ልማድ ነበረን። የነዳፊ ስም ጨርቅ ላይ ስለማይጻፍ፣ እያንዳንዳችን ከስማችን አንዲት ፊደል ወስደን ከሐረጉ ጥምዝ ውስጥ ወይም ከቅጠሉ ሥር እንደብቃት ነበር። ገዢ አያያትም። እኛ ግን ገበያ መሐል አንዲት ሴት ያንን ቀሚስ ለብሳ ስታልፍ በዓይናችን ፊደላችንን ፈልገን እናገኝና ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎን እንውላለን። ስሜ ሙሉእመቤት ነው። የእኔዋ "ሙ" ነበረች።

ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ፋብሪካው ቆመ። ነገር ከተረጋጋ በኋላም የእኛ ክፍል አልተከፈተም። በሃያ ስምንት ዓመቴ ለቤት ሠራተኝነት ተመዝግቤ ሪያድ ገባሁ።

የደረሰኝ ቤት መላዝ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር። ማዳም ባሏ የሞተባት፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ክፉ አልነበረችም። ስሜን መጥራት ስላስቸገራት በመጀመሪያው ቀን "ሙና" አለችኝና ሙና ሆኜ ቀረሁ። ልጇ ሪም በዕድሜ እኔን ታክላለች። የቤት ውስጥ ማስዋብ ተምራ የራሷን ትንሽ ቢሮ ከፍታለች።

እዚያ ቤት ከገባሁ ዓመት አልፎኝ ኅዳር ላይ ዝናብ ዘነበና ቤተሰቡ እንደ ልማዱ ድንኳን ጭኖ ወደ በረሃ ወጣ። ሳህን ላጥብ ከድንኳኑ ኋላ ስዞር አሸዋው ላይ የተዘረጋ ሐረግ አየሁ። ቅጠሉ የተተለተለ ነው፤ ፍሬው ብርቱካን ያክላል፣ አረንጓዴው ላይ ቢጫ መስመር ተስሎበታል። አገሬ ያለችውን የምድር እምቧይ መሰለኝ። ዙሪያውን ሌላ የሚታይ ለምለም ነገር የለም። ሳህኑን ትቼ ቁጢጥ ብዬ አየሁት። ፍሬውን ሰብሬ በምላሴ ጫፍ ብነካው አፌ እስኪደነዝዝ መረረኝ። ቁራጭ ሐረግ በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ቤት ይዤ መጣሁ፤ ስሙን የጠየቅኩት ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከሸሚዝ ማሸጊያ በተገነጠለ ካርቶን ላይ፣ ሥራ ባለቀ ቁጥር እሱን እሥል ጀመር። ሁለት ዓመት ሙሉ ብሩሽ ስላልያዝኩ እጄ እንደ ተራበ ሰው ነበር።

ሪም በዚያ ሰሞን ትልቅ ሥራ ይዛ ተጨንቃለች። ኡም ፋሃድ የምትባል ሀብታም ሴት በከተማው ሰሜን የሠርግ አዳራሽ ታሠራ ነበር። ስምንት ሜትር ቁመት ያላቸው ዐሥራ ሁለት መጋረጃዎች ፈልጋለች፤ ህትመቱ ከአገሩ ተፈጥሮ የተወሰደ እንዲሆን ትሻለች። ሪም ተምር ሥላ ብትወስድላት "ይሄማ ሆቴሉ ሁሉ አለው" ብላ መለሰቻት። ጽጌረዳ ብትወስድላትም መለሰቻት። ሦስተኛው ከተመለሰ ሥራው ለሌላ ይሰጣል።

አንድ ጠዋት ሪም አባያዋን ፍለጋ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባችና ካርቶኖቹን አየች።

"ሙና፣ ይሄን ማን ሣለው?"

"እኔ።"

"ከምን ገልብጠሽ?"

"ከምንም። ድንኳን የተከልን ቀን አሸዋው ላይ አይቼው ነው።"

አባያዋን ረስታ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ፋብሪካ ውስጥ ምን እሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ስለ እኔ የተጠየቀ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

ለሁለት ወር ሠራን። ማለቴ፣ ሠራሁ። ጠዋት የቤቱን ሥራ እጨርሳለሁ፤ ከዚያ ሪም ክፍል ገብቼ በእሷ ታብሌት ላይ እነድፋለሁ። ሐረጉ ከመጋረጃው እግር ተነስቶ ወደ ላይ እንዲሳብ፣ ፍሬዎቹ ከታች ትልልቅ ከላይ ትንንሽ እንዲሆኑ፣ ቀለሙ ከአሸዋ ወደ ንጋት ሰማይ እንዲሄድ አደረግኩት። አዳራሹ ሰፊ ስለሆነ ሰው ከሩቅ ሲያየው እንዳይጠብበት፣ ከቅርብ ሲያየው ደግሞ ባዶ እንዳይሆንበት ስንት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት። ኡም ፋሃድ ናሙናውን አይታ "በመጨረሻ ተገኘ" አለች አሉ። ሪም አቅፋ ሳመችኝ።

"ኡኽቲ ነሽ" አለችኝ፣ እህቴ ነሽ ማለቷ ነው። "መጋረጃው የተሰቀለ ቀን ይዤሽ እሄድና ለኡም ፋሃድ አስተዋውቅሻለሁ። ኢቃማሽንም ወደ ቢሮዬ አዞረዋለሁ። ኸላስ፣ በቃ፣ ከዚህ በኋላ ሳህን አታጥቢም።"

አመንኳት። ማመን ብቻም አይደለም፣ በመኖሪያ ፈቃዴ፣ በኢቃማዬ ላይ ሠራተኛ የሚለው ተፍቆ ነዳፊ ተብሎ ሲጻፍ በሕልሜ አይቻለሁ። በዚያ ደስታ ነው እንደ ድሮዬ "ሙ"ን ከሐረጉ ጥምዝ ውስጥ የደበቅኳት። ለሪም አልነገርኳትም። የሚነገር ነገር መሆኑም አልታሰበኝም።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሪም ጠዋት የእንፋሎት ካውያውን አስይዛ ወሰደችኝ። ዐሥራ ሁለቱ መጋረጃዎች ተሰቅለው ሳያቸው ካውያውን ወለሉ ላይ አስቀምጬ አንጋጠጥኩ። ኮምቦልቻ ሳለሁ ከሁለት ሜትር ጨርቅ በላይ ሥራዬን ተዘርግቶ አይቼ አላውቅም። ሐረጉ ከእብነ በረዱ ወለል ተነስቶ እስከ ጣሪያው ይወጣል፤ መጋጠሚያውን እኔ ራሴ ፈልጌ አላገኘሁትም።

ከአስር ሶላት በፊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሴቶቹ መጡ። ኡም ፋሃድ፣ ሁለት እህቶቿና ሴት ልጇ ናቸው። አዳራሹ የሚመረቀው በዚህችው ልጅ ሠርግ ነበር። የኡም ፋሃድ እናትም በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ ገቡ፤ በጣም አሮጊት ናቸው፣ ልጆቻቸው "የማ" ይሏቸዋል፣ እማዬ እንደማለት ነው። እኔ ካውያዬን ይዤ ከመጨረሻው መጋረጃ ጥግ ቆሜያለሁ።

"ማሻአላህ" አለች ኡም ፋሃድ። "ሪም፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?"

ሪም ወደ እኔ ዞር አለች። አሁን ነው ብዬ እርጥብ እጄን በልብሴ ጠረግኩ።

"በረሃ ወጥቼ" አለች ሪም፣ "ብዙ ቀን ተቀምጬ ሣልኩ።"

ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። ምናልባት በኋላ ለብቻዋ ልትነግራት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የማ ወንበራቸውን ወደ መጋረጃው አስጠጉልኝ አሉ። ጨርቁን በጣታቸው ዳበሱትና ቀስ ብለው "ይሄ እኮ ሐንዘል ነው" አሉ።

ስሙን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ከሴቶቹ ፊት እንዳየሁት ሐንዘል ለእነሱ ተክል ብቻ አይደለም፤ የመራራ ነገር ሁሉ ስም ነው።

"በሠርጌ ላይ ሐንዘል?" አለች ሙሽሪት። "ኑሮሽ ይምረር ነው የሚለኝ?"

ኡም ፋሃድ ወደ ሪም ዞረች። "ታውቂ ነበር?"

የሪም ፊት አመድ መሰለ። "አላወቅኩም። ወላሂ አላወቅኩም። እኔ... ሠራተኛዋ ናት የሣለችው። እሷ ወረቀት ላይ ነው ያየሁት።"

ልብ በሉልኝ። ያ ሥራ የእኔ ነው የተባለው በዚያች ደቂቃ ነው። ሲመሰገን የሪም ነበር።

ከኡም ፋሃድ እህቶች አንዷ ስልኳን አብርታ ጨርቁን በቅርብ ማየት ጀመረች። ጥቂት ቆይታ "ኑ እዩ" አለች። ጣቷን "ሙ" ላይ አድርጋለች። "ይሄ ምን ጽሑፍ ነው? እዚህም አለ። እዚያም አለ። ሁሉም ላይ አለ።"

ሙሽሪት ማልቀስ ጀመረች። "ሲህር ነው" አለች።

ሲህር ድግምት ማለት ነው። አርብ አርብ ፉጣ የሚባለው ሰፈር ከአገሬ ልጆች ጋር ስንገናኝ፣ ሲህር ተብለው ስለተወሰዱ እህቶች ሲወራ ሰምቼ አውቃለሁ። ስለተመለሰች ግን የነገረኝ የለም። ካውያው ከእጄ ወድቆ ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እሱንም ሌላ ነገር አስመስለው ሸሹት።

"ፊደሉ ምንድን ነው?" አለችኝ ኡም ፋሃድ።

"ስሜ ነው።"

"ስሟ ማን ነው?" ብላ ሪምን ጠየቀቻት።

"ሙና" አለች ሪም።

"ሙና ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ" አልኩ። "ስሜ ሙሉእመቤት ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ናት፤ የምንሠራው ሁላችን እንዲህ..."

አላስጨረሱኝም። ስልኬን ተቀበሉኝና ሙሽሮች የሚለብሱበት አንድ ክፍል ውስጥ አስገብተው ቆለፉብኝ። አራቱም ግድግዳ መስተዋት ነው። በየትኛውም በኩል ብዞር የማየው ራሴን ነው። ቦርሳዬን ሌላ ክፍል ሲበረብሩ ይሰማኛል። ሊያገኙ የሚችሉትን አውቃለሁ፤ የደረቀችው ቁራጭ ሐረግ በወረቀት እንደተጠቀለለች እዚያው አለች። ከአገሬ ያመጣኋት ትንሽዬ የጸሎት መጽሐፍም አለች፤ ከዳር እስከ ዳር በዚያው ፊደል የተጻፈች ናት።

ማዳም ተጠርታ መጣች። ድምጿን በበሩ በኩል ሰማሁት። "ቤቴ ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል ኖራለች፤ ክፉ ነገር አላየሁባትም" አለች። ኡም ፋሃድ "አንቺ አታይውም፤ የሚሠሩት በስውር ነው" አለቻት። ከዚያ በኋላ የማዳም ድምፅ ጠፋ። ሹርጣ፣ ፖሊስ ማለት ነው፣ ይጠራ የሚል አለ፤ መጀመሪያ ሼኽ ይይልን የሚል አለ። እኔ ደጋግሜ የጠበቅኩት አንድ ድምፅ ነበር። ሪም "አብረን ነው የሠራነው፤ ፋብሪካ የሠራች ነዳፊ ናት" እንድትል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ። ሪም እዚያው ነበረች፤ ስታለቅስ ይሰማኛል። ያን ቃል ግን አላለችም።

የምሽቱ ሶላት መግሪብ ሲደርስ በሩ ተከፈተ። የማ ናቸው ያስጠሩኝ።

ወስደው ፊታቸው አቆሙኝ። ቁራጭ ሐረጓን ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

"ስሙን ታውቂው ነበር?" አሉኝ።

"አላውቅም እማማ።"

"ቀምሰሽዋል?"

"በምላሴ ነክቼዋለሁ። ይመራል።"

"ታዲያ ይሄን መራራ ነገር ለምን ሣልሽው?"

ሌላ የሚያምር መልስ አልመጣልኝም። "ዙሪያው ሁሉ ደርቆ እሱ ብቻ ለምልሞ ነበር" አልኳቸው።

ቁራጭ ሐረጓን ከጭናቸው አነሱ። ከዚያ ለልጃቸው እንዲህ አሏት፦ "እናቴ የዚህን ፍሬ እያከሰለች በሚወጣው ቅባት የውሃ ስልቻችንን ትደፍን ነበር። ይሄ ባይኖር ውሃችን አሸዋ ላይ ፈስሶ አንቺም አትወለጂም ነበር። ይሄ ሲህር ከሆነ ያሳደገኝ ሲህር ነው። ልጅቷን የአገሯን ፊደል ጻፈች ብላችሁ ለሹርጣ የምትሰጡ ከሆነ እኔን ከሠርጋችሁ ሰው አትቁጠሩኝ። ኸላስ።"

የእሳቸውን ቃል የሚሽር በዚያ ቤት አልነበረም። ሙሽሪትም ለቅሶዋን ዋጥ አደረገች። ኡም ፋሃድ ጥቂት አሰበችና ፈረደች፦ "ሐረጉ ይቆይ። ፊደሉ ግን ይጥፋ። ራሷ ታጥፋው።"

ይህን ጊዜ ሪም እንባዋን ጠረገችና ተናገረች። ስትናገር የሰማኋትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "የማ፣ እንዴት ያለ ነገር ነው የነገሩን። የውሃ ስልቻው ታሪክ... እኔም እኮ ስሥለው እንደዚያ ያለ ነገር ነበር የሚሰማኝ። በምርቃቱ ላይ ለእንግዶቹ ይሄንን ነው የምንነግራቸው።"

ኡም ፋሃድ ራሷን ነቀነቀች። ከአሮጊቷ በቀር ወደ እኔ የተመለከተ ሰው አልነበረም። እሳቸውም ደክሟቸው ስለነበር ወሰዷቸው።

አርብና ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ በብረት መወጣጫ ላይ ዋልኩ። ፊደሏ ዘጠና ስድስት ቦታ ነበረች። የጨርቅ ቀለም ቀላቅዬ፣ በያንዳንዷ ላይ ትንሽ ቅጠል እየሣልኩ ሸፈንኳት። ምናልባት አንዷን ትቻት ይሆናል ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። እኔም አስቤው ነበር፤ ከጣሪያው ሥር ያለችውን ማንም አያያትም። ግን ኡም ፋሃድ የላከቻት ሴት ፎቶ ይዛ ከታች ቆማ ትቆጥር ነበር። ዘጠና ስድስት ስትል "ያላ፣ ውረጂ" አለችኝ።

ሪም ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ ከመወጣጫው ሥር ቆመች።

"ሙና፣ ፈርቼ ነው። ትረጂኛለሽ አይደል?"

"እረዳለሁ።"

"የኢቃማው ነገር... ኡም ፋሃድ ትንሽ ትርሳው፣ ኢንሻአላህ።"

ብሩሼን ቀለሙ ውስጥ ነክሬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሠርጉ ተደረገ። አዳራሹ ተወራለት። ሪም መጋረጃዎቹ ፊት ቆማ ስለ ውሃ ስልቻ ስታወራ የሚያሳይ ቪዲዮ ማዳም ሳሎን ውስጥ እንግዶች በመጡ ቁጥር ይታይ ነበር፤ ሻይ እያቀረብኩ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። ከአራት ወር በኋላ ሪም ሌላ ሥራ አገኘች፤ ይሄኛው የሆቴል እንግዳ መቀበያ ነው። ታብሌቷን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና ከፊቴ አስቀመጠችው።

"ኡኽቲ፣ ይሄ ደግሞ ከፊተኛው ይበልጣል። የባሕር ነገር ይፈልጋሉ። እንጀምር?"

"እኔ ሥዕል አላውቅም" አልኳት።

ሳቀች። "ምን ማለትሽ ነው?"

"ያን ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ። በረሃ ወጥተሽ ብዙ ቀን የሣልሽው አንቺ ነሽ። የባሕሩንም ባሕር ወርደሽ ሣይው።"

ታብሌቱን አንስታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜም በሙናም አልጠራችኝም። ውሌ እስኪያልቅ ስምንት ወር እዚያ ቤት ሠራሁ፤ ሲያልቅ ወደ ሌላ ቤት ተዛወርኩ። አሁን ያለሁበት ቤት ሦስት ልጆችና ብዙ ደረጃ አለው። እጄ ከመጥረጊያ ሌላ ነገር እንደሚይዝ እዚህ ማንም አያውቅም፤ አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም።

አንዳንዶቻችሁ ሪምን ትረግሟት ይሆናል። እኔ እንኳ ብዙ ረግሜያት ስለደከመኝ ትቼዋለሁ። እሷ ያደረገችው ፈሪ ሰው የሚያደርገውን ነው። ያዳኑኝ አሮጊት ከአንድ ዓመት በኋላ ማረፋቸውን ሰምቻለሁ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ግን እሳቸውም ያዳኑት እኔን ነው እንጂ ሥራዬን አይደለም። ሴቶቹ መሐል የእኔን እጅ ያዩ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ማን ነሽ ብለው ግን አልጠየቁኝም። ሐንዘሉን ነበር ያወቁት።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ትሉኝ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ጥሩ ሥራ ራሱ ይናገራል ብዬ አምን ነበር። አይናገርም። ጨርቅ አፍ የለውም፤ ፊቱ የቆመው ሰው ያለውን ነው የሚለው። እናንተም በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ በሰው ስም የምትሠሩ እህቶቼ፣ ነገ አስተዋውቅሻለሁ የሚላችሁን ሰው ዛሬ አስተዋውቂኝ በሉት። እምቢ ካለ ያኔውኑ ታውቁታላችሁ። እኔ ያላልኩት እሱን ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ስሜን የሸፈንኩባቸውን ቅጠሎች ዝም ብዬ በቀለም ለቅልቄ መውረድ እችል ነበር። የታዘዝኩት ይጥፋ ተብሎ ብቻ ነው። እኔ ግን ለእያንዳንዳቸው ጅማት አወጣሁላቸው፤ ብርሃኑ ከሚመጣበት በኩል አደመቅኳቸው፤ ከሐረጉ ጋር እስኪዋሐዱ ድረስ እየደጋገምኩ አስተካከልኳቸው። ዘጠና ስድስቱንም። አሳምሪው ያለኝ ሰው አልነበረም።